አሥራ አንደኛው መደብ

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ከሠራ በኋላ፣ አንድ ዓመት መስቀል ሲያልፍ አዋጅ ተነገረ። የገበሬ በዓል ይደረጋል፤ በየመንደሩ በግ ያደለበ አባወራ ሁሉ ከነሚስቱ፣ ከነበጉ ቡሬ ይቅረብ፤ እዚያው አርዶ፣ እዚያው ጠብሶ፣ የጣሊያኑ ሹም ፊት ይብላ፤ ያማረ በግ ያቀረበ ይሸለማል። አዋጁን ያሰማን የመንደራችን ጭቃ ሹም ነበር። ሲጨርስ «ያልመጣ ግን ሽፍታ ቀላቢ ተብሎ ይጻፋል» ብሎ ጨመረ። ይህቺን ከራሱ ይጨምራት ከጣሊያኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ነገሩ በዓል መሆኑ የቀረው ያኔውኑ ነው።

እኔ በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ነበርኩ። ማለቴ፣ መዝገቡ ላይ እንዲያ ተብዬ ነው የተጻፍኩት። ባሌ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ወደ ቆላ ወርዶ በዓባይ በረሃ ካሉት አርበኞች ጋር ነው። ጣሊያን የአባወራውን ስም በየመንደሩ ሲመዘግብ፣ ወንዱ የት እንዳለ ያላስረዳ ቤት ይቃጠል ነበር። ከእኛ በታች ባለው መንደር ሁለት ቤት ሲነድ ጭሱን ከደጃችን ቆመን አይተናል። አማቴ ጭሱን አይተው ሲያበቁ ወደ ቤት ገቡና «ልጄ ሞቷል» አሉኝ። «መቼ? ማን ነገረዎ?» አልኳቸው።

«ዛሬ። የነገርኩሽም እኔ ነኝ። በይ አሁን ውጪና ጩኺ» አሉ።

ወጥቼ ጮኽኩ። እውነቱን ለመናገር ለመጮህ አልተቸገርኩም፤ እሱ ከሄደ ጀምሮ የታመቀ ብዙ ነገር ነበረኝ። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። መንደሩ ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ አለቀሰ። ያስቸገሩን የነፍስ አባታችን ብቻ ናቸው። «ለሕያው ሰው ፍትሐት አላደርስም፤ በእግዜር አይቀለድም» ብለው እምቢ አሉ። ከስንት ልመና በኋላ መጥተው ዳዊት ደገሙልን፤ የሟች ስም ግን ሳይጠሩ ሄዱ። ለመዝገቡ ይኸው በቃ።

ወደ ቡሬ የሄደውን በግ ያደለብኩት እኔ ነኝ። ከቋሪት ደጋ ወደዚህ ወደ ማንኩሳ በኩል ስዳር እናቴ አንዲት የዋሸራ በግ ሰጥታኝ ነበር፤ ከእሷ የተወለደ ነው። ቀይ ዳማ፣ ፀጉረ አጭር፣ ሲራመድ ላቱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሙክት። የጠላ አተላ፣ የባቄላ ግርድ፣ አንዳንዴም ከራሴ ወጥ የቀነስኩትን ጨው አበላው ነበር። ልጅ አልወለድንም፤ ሐዘንተኛ ነሽ ተብዬ ከሰው ጋር መሳቅም ተከልክያለሁ፤ እና ከበጉ ጋር ነበር የማወራው። ባሌን አማዋለሁ፣ አማቴን አማቸዋለሁ፣ እሱ ያመሰኳል። አሁን የወንድሜ ልጆች ከፍኖተ ሰላም ገበያ ሙክት ገዝተው ሲመጡ «ነይ ላቱን ዳስሺው» ብለው ይጠሩኛል። እዳስሳለሁ፣ እመርቃለሁ፣ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሲበሉ አልቀመጥም። ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የአሮጊት አመል ይመስላቸዋል።

አማቴ የመንደሩ ሥጋ ከፋይ ነበሩ። ቅርጫ ሲሆን እሳቸው ሳይኖሩ ቢላ የሚያነሳ የለም። በሬ ማረድ ከቀረ ወዲህ፣ በሬውን ጣሊያን ስለወሰደው፣ ቅርጫውን በበግ አድርገነው ነበር። ሦስት በግ ይታረድና ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ በአሥራ አንድ መደብ ይከፈላል፤ ጎጆ ለወጣ ወንድ ሁሉ አንድ አንድ መደብ። ከጭኑም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከላቱም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። አማቴ መጥረቢያ አያስነኩም፤ መገጣጠሚያውን በጣታቸው ፈልገው በቢላ ጫፍ ብቻ ያላቅቁታል። በዚያ ሥራ ላይ ካላየኋቸው በቀር ሰውየው ደስተኛ ሆነው አይቼ አላውቅም።

ሰው ሲሞት መደቡ ይነሳል፤ ሚስቱ ከአማቷ ወይም ከወንድሟ ድርሻ ትቀምሳለች። የባሌ መደብ ግን አልተነሳም። በጓሮ፣ ባዕድ ሰው ሳያይ፣ አሥራ አንዱን እንደ ወትሮው እንከፍል ነበር። የእሱን ድርሻ እኔ ዘልዝዬ ቋንጣ አደርገዋለሁ፤ ወደ ቆላ የሚወርድ የታመነ ሰው ሲገኝ እልክለታለሁ። አማቴ ይህን ሲያደርጉ አንድም ቀን ስሙን አላነሱም። እጃቸው ብቻ ነበር የሚያስታውሰው።

ቡሬ የወረድነው አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ከምሽጉ በታች ባለው ሜዳ ባንዲራቸው ተሰቅሏል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ገበሬ በግ በግ ይዞ ተሰልፏል። በጎቹ ወፍረዋል፣ ሰዎቹ ከስተዋል። ጎተራው የተቃጠለበት፣ በሬው የተነዳበት፣ ልጁ የተገደለበት ሁሉ ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር። የጣሊያኑ ሹም ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰው። አስተርጓሚው ከባሕር በኩል የመጣ፣ አማርኛ አሳምሮ የሚያውቅ ቀጭን ሰው ነው፤ የመንደራችንንም መዝገብ የጻፈው እሱ ነበር። «በገዛ ግቢው በግ የሚያሳድግ ቤተሰብ የአገር ምሰሶ ነው፣ መንግሥትም ያከብረዋል» አለን። ከምሰሶው ስንቱን እንዳነደደው ግን አልነገረንም። እኔም በሆዴ ነው ያልኩት።

ትልቁ ስጋታችን በጎቹን አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ያርዷቸው ይሆን የሚል ነበር። ብዙዎቹ እስላሞች ናቸው፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ካልበላን ደግሞ እምቢተኞች ልንባል ነው። ሹሙ ነገሩን ሲሰማ ሁሉም የየራሱን ይረድ ብሎ ፈቀደ። ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱን አልክድም። በኋላ ያጠፋንም ደግነቱ ነው።

እያንዳንዱ መንደር በየቦታው አርዶ ይከፍል ጀመር። ሹሙ እየዞረ ሲያይ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። የአማቴ ቢላ ነው ያቆመው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። አማቴ ደግሞ ሰው ሲያያቸው ይብስባቸዋል፤ ብልቱን ሲያላቅቁ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ቅጠሉ ላይ አንድ በአንድ እየደረደሩ ሄዱ። ከጭን፣ ከጎድን፣ ከጉበት፣ ከላት። ሲጨርሱ ቢላቸውን ጠረጉና ቀና አሉ።

አስተርጓሚው ቅጠሉን በጣቱ ቆጠረ። «እናንተ አሥር አባወራ ናችሁ፤ የጻፍኳችሁ እኔ ነኝ» አለ። «አሥራ አንደኛው የማን ነው?»

ያኔ ነው ሁላችንም ያየነው። እጃቸው የለመደውን ሠርቷል። የአማቴ ፊት አመድ መሰለ፤ ቢላው እጃቸው ላይ ቀረ። የሚያስፈራኝ ነገር ሲገጥመኝ ዝም ማለት የሚችል ሰው ብሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራም ነበር። ምላሴ ግን አርፎ አይቀመጥ።

«የእንግዳ ነው፣ ጌታየ» አልኩ። «በእኛ አገር ቅርጫ ላይ የደረሰ እንግዳ ባዶ እጁን አይቆምም። እንግዳው ማን እንደሁ እርስዎ ያውቃሉ።» ወደ ሹሙ ዞሬ እጅ ነሳሁ።

እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ቅርጫ የአባላቱ ነው፤ ለእንግዳ መስጠት የፈለገ ከራሱ ይቆነጥራል እንጂ መደብ አይወጣለትም። አስተርጓሚው ይህን ይወቅ አይወቅ እንጃ፤ ፊቴን ትንሽ ቆይቶ አየና ተረጎመው። ሹሙ ባርኔጣውን አወለቀ። ከት ብሎ ሳቀ፣ ደረቱን በመዳፉ መታ። «እንግዲህ አሥራ አንደኛችሁ እኔ ነኝ!» አለ። «ሌላ ጊዜም ቤታችሁ መጥቼ ድርሻዬን እበላለሁ።» ሁላችንም ጎንበስ ብለን ሳቅን። ከመደቡ ላቱን ዳሰሰ፣ ጉበቱን አስጠብሶ በላ፤ አማቴም ቀይ ብርድ ልብስ ተሸለሙ። የባሌን መደብ አንድ ወታደር ጠቅልሎ ወደ ምሽጉ ይዞት ወጣ።

ስንመለስ ጎረቤቶቻችን እየተቀባበሉ አመሰገኑኝ። «ይህን ምላስ ያቆይልን» አሉኝ፤ ሴቶቹ ትከሻዬን ሳሙኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በተዳርኩ በስንት ዓመቴ፣ አፈኛ እየተባልኩ ስታማ ኖሬ፣ አፌ ቤት ያተረፈ ቀን ነበር። አማቴ ግን ብርድ ልብሱን ለለማኝ ሰጡት።

ከገና በፊት ባሌን አየሁት። ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንጨት የተሸከመ መንገደኛ መስሎ መጥቶ ከጎኔ ሸክሙን አወረደ። ጎፈሬው አድጓል፣ ጉንጩ ገብቷል። የቡሬውን ነገር ስነግረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«መደቤን ለጣሊያን ሰጠሽው? አንቺየ፣ ጉበቱንም ጭምር?»

«ምን ላድርግ፣ አንገትህን ልስጠው?» አልኩት።

ሳቁን ሲጨርስ «ለፋሲካ ግን እኔ ነኝ የምበላው» አለ። «አንድ ቀን ብቻ፣ አባባ ሲከፍሉ ከሰው ጋር ልቀመጥ። እንደ ሰው።»

አትምጣ ማለት ነበረብኝ። ሹሙ እመጣለሁ ያለውን ነግሬዋለሁ፤ የነገርኩት ግን እንደ ቀልድ ነው፣ እሱም እንደ ቀልድ ሰማው። ናፍቆኝ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ገና መጣ፣ ሹሙ አልመጣም። ጥምቀትም አለፈ። ረስቶታል አልን።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ባሌ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ መስሎ ገባ። ጎፈሬውን ተላጭቷል፣ ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ ጠመንጃውን የት እንደተወ አልጠየቅሁትም። ጎረቤቱ ሁሉ እያየው እንዳላየ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ሰላም አለው። ከጓሯችን ሾላ ሥር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ፣ አባቱ ሲገፍፉ የበጉን እግር ያዘላቸው። ጉበቱ ሲወጣ አማቴ በቢላቸው ጫፍ አንድ ቁራጭ ቆርጠው አጎረሱት። እኔ ጨጓራ እያጠብኩ ከሩቅ አይቻለሁ፤ በዚያች ሰዓት ከዚያ በላይ የምለምነው ነገር አልነበረኝም።

መደቡ ተደርድሮ አልቆ ነበር የበቅሎ ኮቴ የሰማነው። ሹሙ፣ አስተርጓሚው፣ ስድስት አስካሪ። ሹሙ ለእኛ ስጦታ ብሎ ስኳር በከረጢት አስይዟል። ከበቅሎ ሲወርድ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ቅጠሎቹ ላይ ነው። በጣቱ ቆጠራቸው። አሥራ አንድ። ፊቱ በራ፤ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«እንደምመጣ ሳልነግራቸው መደቤን አውጥተው ጠበቁኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው በአገሬም አላየሁ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

አስካሪዎቹ በቅሎዎቹን ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል፤ ሊሸሽ የሚነሳ ሰው ወዲያው ይታያል። ሹሙ ክፍፍሉ እንዲቀጥል በእጁ ምልክት ሰጠ። አማቴ በዕድሜ ተራ ይጠሩ ጀመር። አንዱ ተነስቶ ቅጠሉን ይወስዳል፣ ሌላው ይከተላል። የራሳቸውን አሥረኛ አድርገው አነሱ። አሥራ አንደኛውን ሹሙ ራሱ ሄዶ፣ እንደ ሌሎቹ በሁለት እጁ አነሳው። እና ባሌ ባዶ እጁን ቆሞ ቀረ።

ያየው አስተርጓሚው አይደለም። ሹሙ ነው። «ይሄኛው ለምን የለውም?» አለ፣ «ከእኔ ይካፈል» ብሎም ቅጠሉን ይዞ ወደ ባሌ ሄደ። አስተርጓሚው ያኔ ቀና ብሎ አየው።

«አንተ የየት ሰው ነህ?»

«እንግዳ ነኝ» አለ ባሌ።

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። አልረሳኝም ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ እንግዳ ባዶ እጁን አይቆምም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የዚህ እንግዳ መደብ የታለ?»

በሕይወቴ ቃል ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አማቴ «እኔ ነኝ፣ አርጅቼ፣ ረስቼ» እያሉ የራሳቸውን መደብ ለሁለት ይቆርጡ ጀመር። አስተርጓሚው አልሰማቸውም። የባሌን እጅ ይዞ መዳፉን ገለጠ፤ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ሁለት ዓመት እርፍ ያልጨበጠ እጅ መሆኑን ገበሬ ያልሆነም ያውቃል። ጋቢውን ከትከሻው ላይ ገፈፈ። የጠመንጃ ማንገቻ ያረፈበት ቆዳው ጠቁሮ ነበር።

«የማን ዘመድ ነው?» አለ ወደ ሁላችን። «የዚህ መንደር ልጅ ከሆነ ግን...» ብሎ ጣሪያዎቻችንን አንድ በአንድ አየና አልጨረሰውም።

«ማንንም አላውቅም» አለ ባሌ። «መንገደኛ ነኝ፤ ሥጋ ሸቶኝ ገባሁ።»

አስተርጓሚው በተራ ጠየቀ። ወንዶቹ አላውቀውም አሉ። አማቴን ጠየቃቸው፤ የልጃቸውን ፊት አይተው «አላውቀውም» አሉ። እኔ ጋ ሲደርስ «አላውቀውም» አልኩ። ባሌ አላየኝም። እንዳያየኝ ይጠነቀቅ ነበር። እኔ ግን አየሁት።

ሹሙ የያዘውን ሥጋ መሬት ላይ አስቀመጠና በቅሎው ላይ ወጣ። ምን እንዳለ አልተተረጎመልንም፤ የተከፋ ሰው ፊት ነበር። አስካሪዎቹ ባሌን አስረው ከሾላው ባሻገር ወዳለው ቁልቁለት ነዱት። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጥይት ተሰማ።

አስተርጓሚው ከሁለት አስካሪ ጋር ቀረ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «በዓላችሁን አክብሩ እንጂ፤ ሥጋው ይጠበስ» አለ። ማን እንደሚያለቅስ ሊያይ ነው የተቀመጠው። ሁላችንም ገባን። ሴቶቹ ዓይናቸውን እሳቱ ላይ ተከሉ። አንዲቱ ቃሪያ መክተፍ ጀመረች፣ አንዱ ጠላ ቀዳ። አማቴ «እንኳን አደረሰን» አሉ፤ ድምፃቸው አልተሰበረም። ከፍሙ ላይ አንድ ጉርሻ አንስተው በሉ። ሁለተኛም አነሱ። እኔ ጎድኑን እሳት ላይ ጥዬ ጨው ነሰነስኩበት። አገላበጥኩት። ለሰው ሁሉ አዳረስኩ።

«አንቺም ብዪ እንጂ» አለኝ አስተርጓሚው።

አንድ ጎድን አንስቼ ጋጥኩ። አላመጥኩ። ዋጥኩት።

«ጣፈጠሽ?»

«ጣፍጦኛል፣ ጌታየ» አልኩት።